ውሻው የዳነው በገንዘብ ብዛት አይደለም



ስለ ውሻ ምግብ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን እንደ ቅብጠት ሊታይ እንደሚችል ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ ብዙ ቤተ ሰብ የሚቸገርበት ስለ ሆነ፣ ይህችን አጭር አስተያየቴን በአንባብያን ዐምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአዲስ አበባ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ቤታችንን የሚጠብቅ ቡቺ የሚባል የአምስት ዓመት ውሻ አለን። ባለፈው ዓመት ይህ ውሻ ሌትና ቀን ገላውን ማከክ፣ መዳፉን መላስና ጆሮውን ማራገፍ ጀመረ። የሆዱ ጠጕር ረገፈ፤ ጆሮውም ይሸት ጀመር። ጎረቤቶቼ በሽታው በልጆች ላይ ይጋባል ብለው ፈሩ። አንድ የማከብራቸው አዛውንትም፣ «መምህር፣ ለምን ትደክማለህ? በመኪና ጭነህ ከከተማ ውጭ ጣለው» አሉኝ። ይህን የሰማችው የሰባት ዓመት ልጄ ዐይኗ እስኪያብጥ ድረስ አለቀሰች።

በመጀመሪያ የወሰድኩት ወደ እንስሳት ሐኪም ነበር። ቁንጫና እከክ ብዙ ጊዜ የማሳከክ ምክንያት ናቸውና፣ ይህ ምርመራ ከሁሉ መቅደም አለበት። ሐኪሙ ሁለቱም አለመኖራቸውን ከተመለከተ በኋላ ጆሮውን አክሞ፣ «ምናልባት የሚበላው ምግብ አልተስማማውም ይሆናል» አለኝ። እኔም ወደ አንድ ሱፐርማርኬት ሄጄ፣ ለቆዳ ይስማማል የሚል ጽሑፍ ያለበትን ከውጭ አገር የመጣ ምግብ ዋጋ ብጠይቅ፣ ከወር ደመወዜ ብዙውን የሚወስድ ሆኖ አገኘሁት። በስተጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብም፣ ፊት ለፊት የዓሣ ሥዕል ያለበት ከረጢት በውስጡ ዶሮና ስንዴም ነበረበት። የሚጎዳውን ሳላውቅ ይህን ብገዛ ገንዘቤን በከንቱ መጣሌ ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የሳይንስ መምህራችን፣ ምክንያቱን ለማወቅ የፈለገ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፣ ያየውንም ይጻፍ እያሉ ይመክሩን ነበር። እኔም ይህንኑ ለተማሪዎቼ ስናገር እኖራለሁ፤ በቤቴ ግን ሠርቼበት አላውቅም ነበር።

ቡቺ ቀድሞ የሚበላው የእንጀራ ትርፍራፊ፣ ከሥጋ ቤት የሚመጣ የበሬ ሥጋ ቍርጥራጭ፣ አንዳንድ ጊዜም ዳቦና ወተት ነበር። በሐኪሙ ምክር ይህን ሁሉ አቋርጬ፣ ከዚያ በፊት ቀምሷቸው የማያውቃቸውን ሁለት ነገሮች ብቻ ሰጠሁት፤ እነርሱም አምባዛ ዓሣና ድንች ናቸው። ከዓሣ መሸጫ ሥጋው ከወጣለት በኋላ የሚቀረውን ጭንቅላት በአነስተኛ ዋጋ እየገዛሁ፣ ቀቅዬ አጥንቱን በእጄ ከለቀምኩ በኋላ፣ ከተላጠ ቅቅል ድንች ጋር ያለ ጨውና ያለ ቅመም አቀርብለት ነበር። ስምንት ሳምንት ሙሉ ሌላ ቁራሽ እንዳይቀምስ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ተነገረ። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ አዝናለት ከወጥ ላይ ቁራሽ ብትሰጠው ማከኩ ተመለሰ፤ እኛም ቈጠራውን እንደገና ከአንድ ጀመርን።

ስምንቱ ሳምንት ሲፈጸም የሆዱ ጠጕር በቅሎ ነበር። ከዚያም የቀድሞውን ምግብ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ለሁለት ሁለት ሳምንት መለስኩለት። እንጀራው ምንም አላደረገውም፤ ዳቦውም እንዲሁ። ወተቱ ሆዱን አላላው። የበሬ ሥጋ በመለስኩለት በአራተኛው ቀን ግን እንደ ቀድሞው ያክ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ «ከስቷልና ሥጋ አብዛለት» ይለኝ የነበረው ነገር ራሱ የሕመሙ ምንጭ ኖሯል! ሥጋው የተበላሸ ሆኖ ሳይሆን የእርሱ ሰውነት ስላልተቀበለው ነው። ሐኪሞች እንደሚሉት፣ ለውሾች አለመስማማት ብዙ ጊዜ ምክንያት ከሚሆኑት ምግቦች የበሬ ሥጋ፣ የወተት ውጤት፣ ዶሮና ስንዴ በግንባር ቀደምትነት ይገኛሉ።

በዚህ አጋጣሚ ጥቂት ማሳሰቢያ ልጨምር። ርካሽ ምግብ ማለት ያገኙትን ሁሉ መስጠት ማለት አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም እንኳ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ፤ ስለዚህ በጾም ወራት ሽሮ ወጥ በእንጀራ ለውሻ ማቅረብ ደግነት መስሎን የምንሠራው ስሕተት ነው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በበዓል ዕርድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ደግሞ በሽታውን መልሶ ወደ ሰው ያመጣል፤ ይህ መቃጠል ወይም በጥልቅ መቀበር አለበት። ድመትማ ከውሻ የተለየች ናት። ያለ ሥጋ ወይም ያለ ዓሣ ከኖረች ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር አጥታ ልቧ እንደሚደክም በ1987 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል። ውሻ ግን እንደ ድንችና እህል ያለውን ምግብ ከተኵላ ይልቅ በደኅና እንደሚፈጭ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ቢሆንም ዓሣና ድንች ብቻውን ለዘወትር አይበቃም፤ የአጥንት ማጠንከሪያ የሆነው ካልሲየም ይጐድለዋል። ለቡቺ ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ተቀቅሎ በደንብ የተፈጨ የዕንቍላል ቅርፊት እጨምርለታለሁ። ቡችላ ያለው ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር ይህን አይሞክር።

«ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውሻ ሆድ ታወራለህን?» የሚለኝ ወንድም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እኔ ያልኩት ለውሻ ብዙ ገንዘብ ይውጣ ሳይሆን በከንቱ አይውጣ ነው። ደግሞም ታሞብን ከከተማ ዳር የምንጥለው ውሻ በዚያው አይቀርም፤ ከሌሎች ባለቤት የለሽ ውሾች ጋር ተደባልቆ የሌላውን ሰው ልጅ ያስፈራል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ እርሱ የበላበትን ደጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያድራል። እኛም ለእርሱ የስምንት ሳምንት ትዕግሥትና አንድ ደብተር ብንነፍገው የሚያሳፍር ይመስለኛል።

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞቻችን በየገበያችን በሚገኘው ምግብ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል፣ ከነመጠኑ፣ በራዲዮና በጋዜጣ ቢያስረዱን ብዙ ሰው ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። አዛውንቱ ጎረቤቴም ባለፈው ሳምንት ስለምታክከው ድመታቸው ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር፤ እኔም ቁንጫዋን አስቀድመው እንዲያዩላት ነግሬ ደብተሬን አዋስኳቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ