ይመጣል የተባለው ታብሌትና የዋግ ገበሬ

«ለየገበሬ ማኅበሩ አንዳንድ ታብሌት ሊታደል ነው» የሚል ወሬ በሰቆጣ ገበያ የተነሣ እንደ ሆነ ሰሚው ከሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን የዝናቡን ነገር፣ የእህሉን ዋጋና የመሬቱን ካርታ በአንድ መስታወት ላይ የሚያሳይ ተአምር አድርጎ ይጠብቀዋል። ሌላው ደግሞ ማሽላው በአቀንጭራ ተይዞ፣ ፍየሉ ውሃ ፍለጋ ሲንከራተት ይህ ቅንጦት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የመዘኑት ዕቃውን እንጂ ሥራውን አይደለም። በሕግ ቀበሌ አስተዳደር ቢባልም በሕዝቡ አፍ እስከ ዛሬ ገበሬ ማኅበር የሚባለውን አካል የሚመራ ሰው ግን ወሬው እውነት ሆኖ የርክክብ ወረቀት የሚቀርብለት ዕለት ምን እንደሚጠይቅ ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባዋል።

ታብሌት የተማሪ ደብተር የሚያህል፣ በጣት እየተነካ የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው። ይጽፋል፣ ፎቶግራፍና ፊልም ያነሣል፣ ድምፅ ይቀርጻል፣ ከሳተላይት በሚደርሰው ምልክት የቆመበትን ሥፍራ ይለያል። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆም ቢሆን ቀደም ብሎ የተጫነበትን ያሳያል። ባትሪው ካለቀ ግን ከጠፍጣፋ ድንጋይ አይለይም።

ርካሽ ታብሌት ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ ሌላ አገርም ተሰምቶ ያውቃል። ህንድ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለተማሪዎቿ በ35 ዶላር ገደማ ይደርሳል የተባለለትን «አካሽ» የተባለ ታብሌት በታላቅ ሥነ ሥርዓት አስተዋውቃ ነበር። ስሙ ሰማይ ማለት ነው። እጅ ሲገባ ግን ቀርፋፋ፣ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ሆኖ ተገኘና ብዙ ቅሬታ አስነሣ። ዋጋው ስለ ረከሰ ብቻ የጠቀመ መሣሪያ እንደሌለ፣ የረከሰ ማረሻ ገዝቶ በመጀመሪያው ትልም ላይ የተሰበረበት ገበሬ ያውቀዋል።

በአገራችንም የታየ ነገር አለ። በዚያው በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ልጆቹ ማንበብ በማያውቁባቸው ሁለት መንደሮች፣ ታብሌቶችን በሣጥን እንደታሸጉ አስቀምጦ ሄደ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉ ጀመር። በ5 ወር ደግሞ ሆን ተብሎ ተዘግቶባቸው የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀር ነገር አለው። ለመንደሩ አዋቂዎች በፀሐይ ኃይል ባትሪ መሙላት በቅድሚያ ተምረው ነበር። በየሳምንቱም አንድ ባለሙያ እየመጣ ከታብሌቶቹ ውስጥ የመረጃ ካርዱን አውጥቶ ሌላ ይተካ ነበር። ስለዚህ የገጠር ሰው መሣሪያውን ይለምደው ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ተመልሷል፤ ልጁ ይለምደዋል፣ አባቱም አያቅተውም። ጥያቄው በየሳምንቱ የሚመጣው ባለሙያ ማን ነው የሚለው ነው። ከሰቆጣ ከተማ ወደ ዝቋላ ወይም ወደ ሰሀላ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አቅልሎ አያየውም።

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በ2006 ዓ.ም. በያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተከፈተው የ8028 የስልክ መስመር ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ ምክር እንዲሰማ ያስቻለ ጥሩ ሥራ ነበር። ሲጀመር የሚናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። ኽምጥኛ አልነበረበትም። በዋግ አማርኛ የማይሰማ ሰው ብዙ አይደለም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የገበያ አማርኛ መስማት አንድ ነገር ሲሆን፣ የመድኃኒት ልክና የርጭት ቀን በአማርኛ ሰምቶ ሳይሳሳቱ መፈጸም ሌላ ነገር ነው። ይልቁንም ከቤት ብዙ የማይርቁት እናቶች ዘሩን የሚመርጡና የሚያስቀምጡ ሆነው ሳለ ምክሩ በማይቀናቸው ቋንቋ ከመጣ ለማን መጣ ይባላል?

በዚህ ረገድ አርአያ የሚሆነው በቪዲዮ የሚሰጠው የግብርና ትምህርት ነው። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት በህንድ የጀመረውን ዘዴ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ሠርቶበታል። ዘዴው ቀላል ነው። አንድ የአካባቢው ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ፣ በራሱ አንደበት ሥራውን ሲያሳይ በፊልም ይነሣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ማሳያ ለጎረቤቶቹ ያሳያል፤ እያቆመም ያወያያል፤ ኋላም ማን እንደሞከረው እየዞረ ይጠይቃል። ተመልካቹ «ይህ የእገሌ ማሳ ነው፤ አፈሩም እንደኔው ጭንጫ ነው» ብሎ ያምናል። በሰቆጣ ያለው የደረቅ አካባቢ ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ማሽላ ውሃ ማቆሪያ ትልም የሚያውቀውን በጽሑፍ ከሚበትነው ይልቅ፣ አንድ የድሃና ገበሬ በኽምጥኛ ሲያስረዳው በታብሌት ቢቀርጽና በየማሠልጠኛ ማዕከሉ ቢያሳይ መሣሪያው ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። ለዚህ ኔትወርክ አያስፈልግም። አንድ የፀሐይ ባትሪ መሙያና አንድ የሚያወያይ ሰው ይበቃል።

እስከዚህ ያለው በጎ ጎኑ ነው። የማኅበር መሪዎች በጥብቅ ሊያስቡበት የሚገባው ግን የዝርዝሩ ጉዳይ ነው። በዋግ ደጋ የአንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ትልቁ ሥራ ዝርዝር መያዝ እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም። የማዳበሪያ ዝርዝር አለ፣ የግብር ዝርዝር አለ፣ የተፋሰስ ሥራ ዝርዝር አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሴፍቲኔት ዝርዝር አለ። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በወር 5 ቀን ሥራ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኝ ገንዘብ የሚያስገኝ ተብሎ ነው የተቀረጸው። ስሙ ከዝርዝሩ የወጣ ሰው ምን እንደሚያጣ ከዚህ ቁጥር ይታያል።

ታብሌትም ወደ ገጠር በዋናነት የሚገባው በዚሁ በር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የቤተሰብ ማኅደሩን በወረቀት ፋንታ በታብሌት የሚይዙበት ሥርዓት ተዘርግቷል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው ግን በተደጋጋሚ ተራዝሞ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ የታሰበውም ቀረ። መሣሪያ መኖሩ ሥራውን አያስጀምረውም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ወደ ሌላ እጅ ገብቷል በማለት በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን አቋረጡ። እርዳታው እንደገና ሲጀመር ከተጨመሩት መቆጣጠሪያዎች አንዱ ተረጂውን በዲጂታል መመዝገብ ነበር። በመካከሉ በዋግ ክረምቱ ከድቶ በአበርጌሌ፣ በዝቋላና በሰሀላ ድርቅ በረታ። ምንም ያላጠፋ ተረጂ የሌላውን ጥፋት በሆዱ ከፈለ።

እንግዲህ በታብሌት መመዝገብ ሌብነትን ያስቀራል የሚለው ተስፋ ከምን እንደመጣ ግልጽ ነው። በከፊልም እውነት ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢመዘገብ መሣሪያው ይይዘዋል፤ የሞተ ሰው ስም በፎቶግራፍ ፊት መቆም አይችልም። ይሁን እንጂ መሣሪያው የተነገረውን ይጽፋል እንጂ አይመረምርም። አሥር ፍየል ያለውን ምንም የለውም ብሎ ያስመዘገበ ሰው በወረቀትም በታብሌትም ያው ነው። ልዩነቱ ሌላ ላይ ነው። በቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር የማያነብ አባት ልጁን አስነብቦ «እገሌ እንዴት ገባ? እኔስ ለምን ቀረሁ?» ብሎ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል። በታብሌት ውስጥ ያለውን ዝርዝር ግን የምስጢር ቃሉን ከያዘው ሰው በቀር የሚያየው የለም። «ኮምፒዩተሩ አልተቀበለህም» የሚለው መልስ የመጣ ዕለት ይግባኝ የት ይባላል? ኮምፒዩተር ጉባኤ ላይ ቆሞ አይጠየቅም።

በመሆኑም በታብሌት የተመዘገበ ዝርዝር ሁሉ በጉባኤ ላይ፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ ስም በስም ሳይነበብ ሊጸና አይገባውም። ታትሞም በግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ይህ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰቆጣ ራሷ የውጊያ ሥፍራ በሆነችበት ጊዜ መብራትም ስልክም ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። በእርግጥ ያ ጦርነት ለወረቀቱም አልራራም፤ ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈው መዝገብ ጠፍቷል። ግልባጩ በሌላ ከተማ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም በቀረ ነበር። ወረቀቱ ለታብሌቱ፣ ታብሌቱም ለወረቀቱ ምስክር ይሁኑ የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ መሬትም ጥቂት ማለት ይገባል። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር በአማራ ክልል ብዙ ክርክር አብርዷል። ታብሌት ሲመጣ «ድንበራችንን በሳተላይት ቁረጡልን» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የታብሌት ሳተላይት ግን ሜዳ ላይ እንኳ እስከ 5 ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል፤ በገደል ሥር ከዚያም ይብሳል። በዋግ ተዳፋት ላይ ያለ እርከን ወርዱ ስንት ነው? ዕቃው የአንዱን ማሳ ለጎረቤቱ ሰጥቶ ደም ሊያቃባ ይችላል። ከአየር የተነሣውን ካርታ ለሽማግሎች ለማሳየት ይጠቅማል፤ ድንበር ለመትከል ግን አይበቃም፤ ለዚያ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ በትክክለኛ መለኪያው ይምጣ።

የርክክቡ ነገር ሲደርስ ሊቀ መንበሩ ብዕር ከማንሣቱ በፊት መስታወቱ ቢሰነጠቅ ማን ያሠራል፣ ቢሰረቅ ማን ይጠየቃል፣ የፀሐይ መሙያው አብሮ መጥቷል ወይ ብሎ ይጠይቅ። የተመዘገበው ሰው መረጃ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ይሰጠው። ከዚያም የማኅበሩ ጸሐፊ እዚያው ቆሞ መሣሪያውን ይሞክረው። በአገው ቋንቋዎች በአፍንጫ ለሚነገረው ድምፅ የሚጻፈው «ጘ» የተባለው ፊደል በተለመደው የአማርኛ መጻፊያ ላይ በአብዛኛው አይገኝም። ጸሐፊው ይህ ፊደል ያለበትን አንድ የኽምጥኛ ቃል ይጻፍ፤ ጽፎም ያንብበው። ፊደሉ ከሌለ ወይም በቦታው ባዶ ሣጥን ከታየ ታብሌቱ ባመጣው መኪና ይመለስና ተስተካክሎ ይምጣ።