የላንድሮቨርህን ወንበር ከመለወጥህ በፊት

አንባቢ ሆይ፤ ከወንድሞችህ ጋር ገንዘብ አዋጥተህ አሮጌ ላንድሮቨር የገዛህ እንደ ሆነ፥ ወይም በመሥሪያ ቤት መኪና ወደ ገጠር ወጥተህ የምታውቅ እንደ ሆነ፥ የዚህን መኪና ወንበር ጠባይ ወገብህ አስቀድሞ ነግሮሃል። በኮረኮንች መንገድ ሦስት ሰዓት ተጉዞ የወረደ ሰው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ጥቂት ጊዜ ያስፈልገዋል። ከዚያም የሚመጣው አሳብ ያው ነው፤ «ይህን አውጥተን ከቤት መኪና የወጣ ለስላሳ ወንበር ብናገባበትስ?» የሚል ነው። አሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከጨርቁና ከቀለሙ ነው፤ መጀመር የሚገባው ግን ከብሎኑ ነበር።

ወንበሩ እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ላንድሮቨር የእንግሊዝ አገር የሮቨር ኩባንያ ከጦርነቱ በኋላ የሠራው መኪና ሲሆን፥ ለሕዝብ የታየው በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1948) በአምስተርዳም ከተማ ነው። አሳቡን ያመነጨው ሞሪስ ዊልክስ የፈለገው ለእርሻ ሥራ የሚያገለግል መኪና ነበር፤ እንዲያውም ለሙከራ የተሠራው የመጀመሪያው መኪና መሪው እንደ ትራክተር መካከል ላይ ነበር። ብረት በዚያ ዘመን እንደ ልብ ስላልተገኘ አካሉ በአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ገበሬው በጭቃ ጫማው ገብቶ፥ ከማሳ ማሳ ነድቶ የሚወርድበት ወንበር ለምን ይለሰልሳል? እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ በተሠሩት በሦስቱም ተከታታይ ዓይነቶች ይኸው ጠባይ ብዙ አልተለወጠም። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሾፌር ጋቢውን አጣጥፎ የሚቀመጥበት።

አሁን ትራሱን አንሣና ከሥሩ ተመልከት። ወንበሮቹ ያረፉት ከጐን ወደ ጐን በተዘረጋ የአሉሚኒየም ሣጥን ላይ ነው፤ ላሜራው ስስ ነው። በአጭሩ ላንድሮቨር፥ ማለት ከፊተኛው ጐማ መካከል እስከ ኋለኛው ጐማ መካከል 88 ኢንች (2 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ያህል) በሆነው፥ ከፊተኛው የቀኝ ወንበር ሥር ያለው የቤንዚን ሰልባትዮ ነው። በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ቤንዚን የሚቀዳው እንኳ ትራሱ እየተነሣ ነበር፤ ሲጋራ የሚያጨስ ተሳፋሪ በዚያን ጊዜ የት ይቆም እንደ ነበረ እንጃ! ወደ መካከል ደግሞ ካምቢዮው አለ። ካምቢዮው ለጥገና ሲወጣ ወለሉና ይህ ሣጥን ተነሥተው በመኪናው ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል። ስለዚህ አዲሱን ወንበር በብረት ማዕዘን ጠፍሮ ሣጥኑ እንዳይነሣ ያደረገ ሰው፥ ካምቢዮው በተበላሸ ቀን ለመካኒክ ሁለተኛ ዋጋ ይከፍላል።

ይህ የገንዘብ ነገር ነው፤ የሕይወቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ተማሪ ከሆንህ ሒሳቡን ራስህ ሥራው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆይቶ መኪናው ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ በአንድ ሜትር ውስጥ ቢቆም፥ ሰውየውን የሚይዘው ነገር በአማካይ 7 ኩንታል ያህል ይሸከማል። ቀበቶው ከወንበሩ ጋር ብቻ የታሰረ እንደ ሆነ፥ ይህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው በአራት ብሎንና በስሱ ላሜራ ላይ ነው። ብሎኑ አይበጠስም፤ ላሜራው ግን እንደ ወረቀት ተቀድዶ ወንበሩ ከነሰውየው ይሄዳል። ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ ኒልስ ቦሊን በቮልቮ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጊዜ ብዙዎቹ የድሮ ላንድሮቨሮች ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ሣጥኑም ለዚህ ተብሎ አልተሠራም። እንግዲህ የቀበቶውን ጫፎች ከሻሲው ጋር ወይም ከሻሲው ጋር በተያያዘ ጠንካራ ብረት ላይ አሳስር። የወንበሩንም ብሎን በትንሽ ራንዴላ አትተወው፤ ከላሜራው በታች ሰፊና ወፍራም የብረት ሳህን ይግባበት።

ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ውኃ ሲያገኛቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ ኬሚስትሪ የተማረ ያውቀዋል። የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ነጭ ዱቄት ያየህበት ቦታ በልቶት አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቀለም ወይም ጐማ ይግባ።

ቀዳዳ የሚበሳው ከሰልባትዮው በላይ ከሆነ፥ ሰልባትዮው ይውጣና ከሥራው ቦታ ይራቅ፤ የባትሪውም ገመድ ይፈታ። «ባዶ ነው፥ ግድ የለም» የሚል ሠራተኛ ቢያጋጥምህ አትስማው፤ ባዶው በእንፋሎት የተሞላ ስለ ሆነ ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል።

ወንበር ልትገዛ ስትሄድ ሜትር ይዘህ ሂድ። የቤት መኪና ወንበር ወፍራም ነው፤ ከሥሩም የሚንሸራተትበት ሐዲድ አለው። ሐዲዱና ትራሱ ተደምረው ከፍ ያደርጉሃል፤ ጭንህ ከመሪው ሥር ይጣበቃል፥ ራስህም ጣራውን ይነካል። ወደ ኋላ እንዳትገፋው ከወንበሩ ጀርባ ያለው የላሜራ ግድግዳ ይከለክልሃል። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ከተሠራው ከታናሽ ወንድሙ ከዲፌንደር የወጣ ወንበር ይቀርበዋል፤ እርሱም ቢሆን ሳይስተካከል አይገባም።

የእኔን አሳብ ከጠየቅኸኝ፥ ደመወዙ ወር እስኪሞላ ለማይደርስለት ሰው የሚሻለው የራሱን ወንበር ማደስ ነው። አጽሙ ካልዛገ ይቀመጥ፤ ዝገት ካለውም ተፍቆ ይቀባ። ስፖንጁን ጠጣር አስመርጥ፤ ለአልጋ የሚሆነው ለስላሳ ስፖንጅ በሱቅ ውስጥ ደስ ያሰኛል፥ በመንገድ ላይ ግን ከሥሩ ያለውን ጣውላ ያስቆጥርሃል። ጉልበትህን አሳርፈህበት ሥሩ ድረስ ከሰመጠ ተወው። ልብሱ ወፍራም ሸራ ወይም ፕላስቲክ ቆዳ ይሁን፤ ሰፊውም ስፌቱን ውኃ ከሚያቁርበት ከመካከሉ ያርቀው። ስለ ቀለሙ እንደ ወደድህ።

ተሠርቶ ሲያልቅ በመጥፎ መንገድ ጥቂት ቀን ንዳው፤ ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እንደገና አጥብቅ። ትራሱንም አንሥተህ አሽትት፤ የቤንዚን ሽታ ካለ፥ የሰልባትዮው መጋጠሚያ ሳይታይ ሞተሩን አታስነሣ።