«ዲ ላይ አለ» የሚሉት መጽናኛ

ቆቦ ላይ ፎቶ ቤት ያለውን፣ መምህሩን፣ የቢሮ ጸሐፊውን «ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ፋይሉ እንዴት ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ችግር የለም፣ ዲ ላይ አለ።»

ችግሩ ያለው እዚህ መልስ ውስጥ ነው።

በብዙ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ያለው አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። ሲ እና ዲ የሚባሉት፣ ዊንዶውስ የጫነው ባለሙያ ያንኑ ዲስክ ለሁለት ሲከፍለው የወጡ ስሞች ናቸው። ጎጆን መሀሉ ላይ በመጋረጃ መክፈል ሁለት ቤት አያደርገውም፤ እሳት ሲነሳ መጋረጃው አያስጥልም። ክፍፍሉ ጥቅም አለው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ ሲ ብቻ ፎርማት ሲደረግ ዲ ላይ ያለው ይተርፋል። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግን ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

ማጣራቱ ደቂቃ አይፈጅም። «ታስክ ማኔጀር» ተከፍቶ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ሲነካ፣ ሲ እና ዲ በ«ዲስክ 0» ሥር አብረው ከተጻፉ ዲስኩ አንድ ነው። «ዲስክ 1» ለብቻው ከመጣ ሁለተኛ ዲስክ አለ ማለት ነው።

እውነተኛ ሁለት ዲስክ ያላቸውም አይኩራሩ። ዊንዶውስንና ፕሮግራሞችን ፈጣኑ ኤስኤስዲ ላይ፣ ቪዲዮና ፎቶውን ትልቁ ሃርድ ዲስክ ላይ ማድረግ ጥሩ አደረጃጀት ነው። ነገር ግን ሲ ሞላ ተብሎ ወደ ዲ የተዛወረ ፋይል ቦታ ቀየረ እንጂ ሁለት አልሆነም። በቅጂ ሁለት ቢሆን እንኳ ሁለቱም ዲስኮች ያሉት አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ሌባ ሣጥኑን ሲያነሳ ዲስክ መርጦ አይተውም። ሁለተኛውን ዲስክ እዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ «ባክአፕ አለን» የሚል ቢሮም ከዚህ አይሻልም።

ለቆቦ ይህ የቴክኒክ ወሬ ብቻ አይደለም። ከተማዋ በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታለች። በጦርነቱ የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር መኪና ላይ ሲጫን ሲም ዲም አብረው ነው የሚጫኑት።

በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የተራፊዎችንና የምስክሮችን ቃል ከሳተላይት ምስል ጋር አገናዘበ፤ ምስሉም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ውስጥ አዳዲስ የመቃብር ቦታዎችን አሳየ። ያ ምስል ከቆቦ ውጭ ስለነበረ ማንም ሊዘርፈው፣ ማንም ሊያቃጥለው አልቻለም። ትምህርቱ ይኼው ነው፦ ማስረጃን የሚያድነው የቅጂው ብዛት ብቻ ሳይሆን የቦታው ርቀትም ነው።

«ክላውድ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ግን በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አይረሳ። ክላውድ ተጨማሪ ይሁን እንጂ ብቸኛ መሸሸጊያ አይሁን።

«ለሁለተኛ ዲስክ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚለው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱ መምረጥ ነው። ፊልምና ዘፈን ቢጠፋ ተመልሶ ይገኛል። የመሬት ይዞታ ደብተር ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሟች ወላጅ ምስል፣ የተጎጂ ቃል ግን አንዴ ከጠፋ ጠፋ። እነዚህ ተሰብስበው አንድ አነስተኛ ዲስክ አይሞሉም። በይለፍ ቃል ተቆልፈው ይቀዱ፤ ዲስኩም ወልድያ ወይም ደሴ ላለ ዘመድ ይሰጥ። የምስክር ቃል የያዘ ጋዜጠኛ ሳይቆልፍ ቢልክ ምስክሩን አሳልፎ እንደሰጠ ይቁጠረው። በየጥቂት ወሩም ዲስኩ ተከፍቶ ይታይ፤ የማይከፈት ቅጂ ቅጂ አይደለም።

የራያ ገበሬ ዘሩን ከቀለቡ ለይቶ ያኖራል፤ የሚበላው ቢያልቅ የሚዘራው እንዲተርፈው። ኮምፒውተር የገዛ ልጁ ግን ዘሩንም ቀለቡንም አንድ ጎተራ ከቶ «ዲ ላይ አለ» እያለ ይተኛል።

ጎተራው የተቃጠለ ዕለት ያ መልስ ማንን ያጽናናል?