ልጆቹን ሳይሆን ጥያቄውን ቀይሩ

ጉዳዩ ወዲህ ነው። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2025 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ) አንድ ውሳኔ ሰጠ። ለሥር ፍርድ ቤት ዳኝነት የሚፈተን ሰው ከእንግዲህ ቢያንስ 3 ዓመት ጥብቅና መሥራት አለበት። ግዴታው ድሮም ነበር፤ በ2002 ቀረ፣ አሁን ተመለሰ። ምክንያቱ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወንበር ላይ የሚወጡት ችሎት አያውቁም የሚል ነው። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጭብም።

አያውቁም? ይሁን። ግን ምን ሲለማመዱ ከረሙ? ለመጀመሪያው ዙር የሚሠሩትን የንብረት ሕግ ጥያቄ እዩ። «በክርክር ላይ ያለ ንብረት ስለማስተላለፍ የሚናገረው አንቀጽ ስንት ነው? ሀ) 51 ለ) 52 ሐ) 53 መ) 54»። መልሱ 52 ነው፤ አጥቁሮ ማለፍ ነው። የመያዣ ዓይነት ስንት ነው? 6። የቤት ሽያጭ ከስንት ሩፒ ጀምሮ በተመዘገበ ሰነድ ይሆናል? 100። የ1882 የንብረት ማስተላለፍ ሕግ እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመደዳል።

ታዲያ ምን ይጠበስ?

አሁን እኔ ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው ቤት ገዛ። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ገብቶ ኖረ። በእጁ ያለው ግን ያልተመዘገበ የሽያጭ ስምምነትና ውክልና ብቻ ነው። ከ4 ዓመት በኋላ ሻጩ ያንኑ ቤት ለሌላ ሰው በተመዘገበ ውል ሸጠው። አዲሱ ገዥ «ልቀቅ» ብሎ ከሰሰ። ፍረዱ።

እዚህ ላይ ቁጥር ብቻውን አያዋጣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በሱራጅ ላምፕ መዝገብ ውክልና ባለቤትነት አያስተላልፍም ብሏል። አንቀጽ 53ሀ ውል ይዞ ቤት የገባን ሰው ይጠብቃል፤ ከ2001 ወዲህ ግን ውሉ ከተመዘገበ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰውዬ የቀረው መንገድ ውሉ በግድ ይፈጸምልኝ ብሎ መክሰስ ነው። እሱም አዲሱ ገዥ የመጀመሪያውን ውል ያውቅ ነበር ወይ በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። ሰው እየኖረበት ያለን ቤት ሲገዛ «አላውቅም ነበር» ማለት ያስኬደዋል? ይርጋውስ ከመቼ ይቆጠራል? አንድ ቤት ስንት ሕግ አስገለጠ!

«እንዲህ ያለው በጽሑፍ ፈተናው ይመጣል» ትሉኝ ይሆናል። ይመጣል። ግን እዚያ የሚደርሰው በመጀመሪያው ወንፊት ያለፈው ነው፤ ወንፊቱም የሚያሳልፈው ቁጥር የያዘውን ነው።

3 ዓመቱስ? አባቱ ጠበቃ የሆነለት ይማርበታል። ከገጠር የመጣችውን ልጅ፣ የሰው ፋይል ተሸክማ ቀጠሮ ስታስለውጥ፣ ከተማ ላይ ማን ያኖራታል? ለዳኛ ረዳት ሆኖ የተሠራ ጊዜም ይቆጠራል መባሉ ደግ ነው። ግን ልምዱ የሚረጋገጠው 10 ዓመት የሠራ ጠበቃ ፈርሞ ዳኛ ሲያጸድቀው ነው። ፊርማ ደግሞ እናውቀዋለን።

የሩቅ አገር ወሬ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ በ1958 ዓ.ም. (ይህችን በእኛው) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከህንዱ የ1908 ሕግ ብዙ የቀዳ ነው። በዚያው ሕግ የፍርድ አፈጻጸም ክፍል 106 ደንቦች አሉት። የለንደኑ ፕሪቪ ካውንስል ገና በ1872 የህንድ ተሟጋች መከራው የሚጀምረው ከተፈረደለት በኋላ ነው ብሎ ነበር። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አፈጻጸም በ6 ወር ይለቅ ሲል አዘዘ። ዛሬም በሥር ፍርድ ቤቶች ከ40 ሚሊዮን በላይ መዝገብ ተከምሯል። ያንን ክምር የሚወርሰው ይኸው ተፈታኝ ነው፤ እኛ ግን «ደንብ 58 ስለ ምንድን ነው?» እያልን እንጠይቀዋለን።

የመጀመሪያው ዙር ይቀየር። ምርጫም ቢሆን ግድ የለም፤ አማራጮቹ ግን ቁጥሮች ሳይሆኑ ውሳኔዎች ይሁኑ፤ ማን ይለቃል፣ ማን ይቆያል፣ በምን ምክንያት።

ለመሆኑ ያንን ቤት ለማን ፈረዳችሁ? እኔ ለነዋሪው ብፈርድ ደስ ይለኛል። ስምምነቱ ላይ የመፈጸሚያ ቀን ካልተጻፈ፣ ይርጋው እምቢ መባሉን ካወቀበት ቀን ስለሚቆጠር ጊዜ አለው። ቀኑ ተጽፎ ከሆነ ግን፣ ቀኑ ካለፈ 3 ዓመት ሞልቶታል፤ ሙሉ ዋጋ የከፈለበትን ቤት ለቆ ሊወጣ ነው።