ሜዳው የቀጫጭኖች ብቻ አይደለም



በተቋማችን ማለዳ ማለዳ ሜዳውን የሚዞሩ ጥቂት ዕጩ መምህራን አሉ። ሁሉም ቀጫጭኖች፣ ሁሉም ከድሮም ሩጫ የለመዱ ናቸው። ክብደት የጨመርነው፣ ሱሪ የጠበበን፣ ሁለተኛ ፎቅ ስንወጣ የምናለከልከው ግን በዚያ ሰዓት ከሜዳው የለንም። ለምን ቢባል የተለመደው መልስ «ስንፍና ነው» የሚል ነው። እኛ በበኩላችን ነገሩ ስንፍና ብቻ አይመስለንም። ከብዙዎቻችን እግር ላይ የታሰረው ገመድ ሣቅ ነው።

አንድ ወፈር ያለ ተማሪ ቱታውን ለብሶ ብቅ ሲል ምን ይባላል? «በርሜሉ ተንከባለለ!» «ኧረ መሬቱ ተንቀጠቀጠ!» ተናጋሪው ቀልዶ ያልፋል። የተቀለደበት ግን በማግሥቱ አይመጣም። ሴት እህቶቻችን ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ወፍራም መሆናቸው አንድ፣ ሴት ሆነው መሮጣቸው ሁለት ሆኖ ይቆጠርባቸዋል። የሚገርመው ያው ቀልደኛ በምሳ ሰዓት «ምነው፣ ትንሽ እንቅስቃሴ ብታደርጊ?» ብሎ ምክር መለገሱ ነው። እንዴ! በየትኛው ሜዳ?

እስቲ ክብደቱ ከየት እንደ መጣ እንመርምር። ከገጠር የመጣን ብዙዎቻችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት በእግራችን እንጓዝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ቢያደርግ መልካም ነው ይላል። እኛ ያንን 150 ደቂቃ ስሙን ሳንሰማው በሁለት ቀን ጨርሰነው እናድር ነበር። ዛሬስ? ከመኝታ ቤት እስከ መማሪያ ክፍል ሦስት ደቂቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነን፣ ማታ ጥናት ላይ ነን፣ ዳቦውና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን እንደ ድሮው ነው። ሰውነታችን ትናንት የለመደውን እየበላ ትናንት የሠራውን መሥራት አቆመ። ስለዚህ ክብደት መጨመራችን የባሕርይ ጉድለት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የኑሮ ለውጥ ያመጣው ነገር ነው። የኑሮ ለውጥ ያመጣውን ደግሞ የኑሮ ለውጥ ሊመልሰው ይችላል።

«አንዴ ያቆመ ሰው አይመለስም» የሚሉም አሉ። አትሌት ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1998 ልጅ ወለደች። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ወርቁን መልሳ ወሰደች። እኛ ደራርቱን አይደለንም፣ ሜዳሊያም አንመኝም። ከእርሷ የምንወስደው ነገር ቢኖር ሰውነት ያቆመውን ሥራ እንደገና መማር እንደሚችል ነው።

ይሁንና እንደገና ሲጀመር መንገዱን ማወቅ ያሻል። ብዙዎቻችን የምንጀምረው በቁጣ ነው። አንድ ሰኞ ጧት ተነሥተን፣ የድሮ ጉልበታችንን አስበን፣ አምስት ዙር በአንድ ትንፋሽ እንሮጣለን። ማክሰኞ እንደ ሽማግሌ እናነክሳለን። ረቡዕ «ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም» እንላለን። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሲሮጥ እግሩ መሬት ባረፈ ቁጥር የሚሸከመው ኃይል የሰውነቱን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየእርምጃው ከ170 እስከ 255 ኪሎ ያህል ተሸከመ ማለት ነው። በእግር ጉዞ ጊዜ ግን ጫናው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በተጨማሪም ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲለምዱ፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለሆነም በአራተኛው ሳምንት ትንፋሻችን «ጨምር» ሲለን ጉልበታችን ገና ዝግጁ ላይሆን ይችላል። መስማት ያለብን ዘገምተኛውን ነው።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫ የለም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመካከሉ የዕረፍት ቀን እየተደረገ፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ብቻ ይበቃል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ ጉዞ፣ ይህንኑ ስምንት ጊዜ መደጋገም። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማና ሁለት ደቂቃ ጉዞ እያሉ ቀስ በቀስ ማሳደግ። ሳምንቱ ከከበደ ያንኑ ሳምንት መድገም ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተን አድገን የለም እንዴ?

ፍጥነቱን ለመለካት ሰዓት አያስፈልግም። ከጎናችን ካለው ጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ከቻልን ልክ ነን። ሁለት ቃል ተናግረን ትንፋሽ ካጠረን በዝቷልና ወደ ጉዞ እንመለስ። ከአስፋልት ይልቅ የሜዳው ሣርና የአፈሩ መንገድ ይሻላል። ደረቱን የሚያመው፣ የሚያዞረው፣ ወይም የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን ከሁሉ በፊት ሐኪም ያማክር።

አንድ ነገር እንጨምር። በፀሐይ ወፍራም ጃኬት ደርበው፣ አንዳንዴም ሆዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የሚሮጡ ወንድሞች አይተናል። ላብ ስብ አይደለም። ከሩጫ በኋላ ሚዛን ላይ የቀነሰው ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ ይመለሳል። እንዲያውም ሙቀቱ ራስን ሊያስት ይችላል።

ሩጫ ብቻውንም ተአምር አይሠራም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሮጥ የሚያቃጥለው ወደ 240 ካሎሪ ገደማ ነው። ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ይህንኑ ይመልሰዋል። እንግዲህ ክብደቱን ለመቀነስ የፈለገ ሰው ሳህኑንም፣ የሻዩን ስኳርም ማየት ይኖርበታል። ነገር ግን ሚዛኑ ፈቀቅ ባይል እንኳ ልፋቱ ባዶ አይሆንም። እንቅልፍ ይስተካከላል፣ ትንፋሽ ይረዝማል፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሥጋት ይቀንሳል። ሚዛን ብቻ እያየን የምንሮጥ ከሆነ በሁለተኛው ወር ተስፋ እንቆርጣለን።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ። እኛ የምንጠይቀው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። «ቀልዱ እኮ ለማጠንከር ነው» ለሚሉን ግን መልሳችን ረዘም ይላል።

እኛ ተራ ተማሪዎች አይደለንም፤ ነገ ክፍል ይዘን ልጆች ፊት የምንቆም ነን። ብዙዎቻችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአማርኛውና ከሒሳቡ ጋር የሰውነት ማጎልመሻውንም እንድናስተምር ልንጠየቅ እንችላለን። በዚያ ክፍል ውስጥ ወፈር ያለ አንድ ልጅ አይጠፋም። ፊሽካ ነፍተን «ሩጡ!» ስንል መጨረሻ የሚደርሰው እርሱ ነው። ያን ጊዜ አርባ ልጆች አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት እኛን ነው። መምህሩ ፈገግ ካለ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። መምህሩ ሄዶ ከልጁ ጎን ከተራመደ ክፍሉ ዝም ይላል። ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሜዳን ይወድ ወይም ይጠላ እንደ ሆነ በዚያች ደቂቃ ሊወሰን ይችላል። ዛሬ ጓደኛው ላይ የሳቀ ዕጩ መምህር ነገ ልጁ ላይ አይስቅም ብሎ ማን ይመሰክራል? ማስተማርን የምንለማመደው በተግባር ልምምድ ሳምንት ብቻ አይደለም። እዚሁ ሜዳ ላይ፣ እርስ በርሳችን፣ በየቀኑ እየተለማመድነው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ መምህሮቻችንን በአክብሮት እንጠይቃለን። በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሁላችንንም በአንድ ፊሽካ አስነሥቶ በአንድ ሰዓት ከመለካት ይልቅ፣ እያንዳንዱ በመጀመሪያው ወር ከነበረበት ምን ያህል ተሻሻለ የሚለው ቢታይ። 12 ደቂቃ የፈጀበት ወደ 10 ቢያወርደው፣ ድሮም 7 ከነበረውና 7 ላይ ከቀረው ይልቅ ሠርቷል እንላለን።

ሁለተኛ፣ ፈጣን ሯጮች የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በሳምንት አንድ ቀን ፍጥነታችሁን ትታችሁ ከዘገምተኛው ጋር ዙሩ። ለእናንተ የዕረፍት ቀን ይሆንላችኋል፤ ለእኛ ግን ብርታት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ሦስተኛ፣ ክብደት የጨመርን ሁላችን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ከሜዳው በላይኛው ጫፍ እንገናኝ። እህቶቻችን ሁለት ሦስት ሆናችሁ አብራችሁ ብትመጡ ማንም ብቻውን አይቀርም። ውድድር የለም፣ ደረጃ የለም፣ ሰዓት የሚይዝ የለም። ስም መመዝገብም አያስፈልግም፤ ስሙ እዚህ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍበት የሚፈልግ እንደሌለ እናውቃለን። የሚያስፈልገው አንድ የማይቆረቁር ጫማና 30 ደቂቃ ነው።

መሳቅ የሚፈልግም ይምጣ። ግን ከጎናችን እየተራመደ ይሳቅ።