እናቴ በስሟ ትጠራ

ለእስራኤል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ፣

የእኛን፣ የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያንን፣ ነገር መሥሪያ ቤትዎ አሳምሮ ስለሚያውቀው በመግቢያ አላደክምዎትም። ኔታንያ፣ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ፣ ስሙን ለጊዜው በማልጠራው የሕክምና ማዕከል፣ እናቴ በስም የተነሣ ወረፋ አለፋት። ጸሐፊዋ በር ላይ ቆማ ጮክ ብላ የጠራችው ጎንደር የተቀበሩትን የአያቴን፣ ማለትም የእናቴን አማት ስም ነው። መታወቂያዋ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው እሱ ነዋ! በወጋችን ሴት ብታገባም የምትጠራው በራሷና በአባቷ ስም ነው። እናቴ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ዝም ብላ ተቀመጠች።

ስትገባ ባሰ። የልጅ ልጇ የሚሆን ሐኪም ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሣ፣ በ1984 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ወገኖቻችንን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው የሙሴ ዘመቻ ስትመጣ መርከዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) ውስጥ በተለጠፈባት የዕብራይስጥ ስም ጠራት። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎም «ሳቭታ» (አያቴ) አላት። ከወንበሯ ብድግ ብላ «ዶክተር» ያለችው እሷ ናት። ዕብራይስጥ አንቱታ እንደሌለው አልጠፋኝም፤ አገሩ በጠቅላይ ሚኒስትርነት የተቀመጠውን ኔታንያሁንም «ቢቢ» ነው የሚለው። ከእኛ በፊት የወጣውን የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ግን ያው ሐኪም «አዶን» (አቶ) ብሎ ከነስሙ ሸኝቶታል። የራሱን ስም ስጠይቀው «ዶክተር ይበቃል» አለኝ።

አይበቃም። የ1996ቱ የታካሚዎች መብት ሕግ ታካሚ የሚያክመውን ሰው ማንነት የማወቅ መብት እንዳለው፣ ክብሩም እንዲጠበቅ ደንግጓል። ያ ዓመት፣ የለገስነው ደም በድብቅ ሲደፋ መኖሩን ሰምተን በጥር ወር ኢየሩሳሌም የተሰለፍንበት ዓመት ነው። መሥሪያ ቤትዎም በ2011 የባህልና የቋንቋ ተደራሽነት መመሪያ አውጥቷል። ለማዕከሉ አስተዳደር ደጋግመን ብንጽፍ «ሲስተሙ ነው» ተባልን። ሲስተም ትከሻ አይመታም።

ስነሣ የፈለግሁት አንድ ይቅርታ ነበር። ካነሣሁት አይቀር ግን፣ ታካሚ በምን ስም መጠራት እንደሚሻ ተጠይቆ ፋይሉ ላይ ይጻፍ፤ ሐኪምም ስሙን ተናግሮ ይጀምር። አስተርጓሚነት ከልጆች ጫንቃ ይውረድ፤ ወንድሜ የእናቱን የማኅፀን ሕመም ለመተርጎም የተገደደበት ቀን አለ። የመድኃኒት አወሳሰድ በአማርኛ ይጻፍልን፤ የሕክምና ተማሪዎችም አጠራራችንን ይማሩ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ የተነጠቅነውን ስም ያለ ክፍያና ያለ ምልልስ ይመልስልን፤ ይህንን እርስዎ ያስተላልፉልን።

ኔታንያ፣ ረሆቮት፣ አሽዶድ ያላችሁ ወገኖች፦ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስትገቡ አስቀድማችሁ የሐኪሙን ስም ጠይቁ። አልናገርም ካለ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለሚኒስቴሩ ላኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ታካሚ ልጅ፣ ኔታንያ