የወደቀ ሁሉ ርካሽ አይደለም

የአሜሪካ ገበያ በወረደ ቁጥር አንድ ዓይነት ሰው ብቅ ይላል። ገበያው ደህና በነበረ ጊዜ ስለ አክሲዮን ትንፍሽ አይልም። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ ቀስት ሲበዛ ግን ስልኩን ያነሳና "ስማ፣ አሁን ነው ሰዓቱ! ይሄ ባንክ 60 ዶላር ነበር፣ ዛሬ 20 ገብቷል፤ ነጻ በለው!" ይላል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ይህን ሰው ሳያውቀው አይቀርም። ቡና ላይ አለ፣ ሠርግ ላይ አለ፣ ሥራ ቦታ ፈረቃ ሲቀያየር አለ። ክፋት የለውም፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመክረው ከልቡ ነው። መጥፎው ምክሩ ነው።

ምክሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ "ብዙ የወደቀውን ግዛ፤ ብዙ የወደቀ ብዙ ይነሳል።" እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ይህ አባባል ገበያው ራሱ ካደኸየው ሰው ያልተናነሰ አደኽይቷል። ገበያ በወደቀ ሰዓት መጠየቅ ያለበት "ከስንት ወረደ?" ሳይሆን "ይሄ ድርጅት ገበያው እስኪነሳ ድረስ በሕይወት ይቆያል ወይ?" የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙ ይመስላሉ እንጂ አይገናኙም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጫማና አክሲዮን

መርካቶ ሄዳችሁ 2000 ብር ሲባል የነበረ ጫማ 1000 ብር ካገኛችሁት ቅናሽ ነው። ጫማው ያው ጫማ ነው፤ ሶሉ አልሳሳም፣ ቆዳው አልተቀየረም። የተለወጠው የሻጩ ዋጋ ብቻ ነው።

አክሲዮን ጫማ አይደለም። አክሲዮን ማለት አንድ ድርጅት ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ ሲጨርስ በሚተርፈው ላይ ያላችሁ ድርሻ ነው። "ሲጨርስ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ድርጅቱ ከከሰረ መጀመሪያ የሚስተናገደው መያዣ ይዞ ያበደረው ነው። ቀጥሎ ቦንድ የገዛው፣ ዕቃ በዱቤ ያቀረበውና ሌላው ባለገንዘብ ይመጣል። ባለአክሲዮኑ ድግስ ላይ መጨረሻ የደረሰ እንግዳ ነው። ድስቱ ተጠርጎ ካለቀ፣ የለም ነው መልሱ። ስለዚህ ዕዳ የበዛበት ድርጅት ንብረቱ በትንሹ ዋጋ ሲያጣ የእናንተ ድርሻ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ዋጋው የወረደው ሰው ስለፈራ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ራሱ ስለተለወጠም ሊሆን ይችላል።

ሲቲግሩፕን እንውሰድ። በ2006 መጨረሻ አንዱ አክሲዮን 55 ዶላር ገደማ ነበር። በ2007 መጨረሻ 30 ገደማ ገባ፤ ስልክ ደዋያችን "በግማሽ ዋጋ!" አለ። በ2008 አጋማሽ 17 ገደማ ሆነ፤ "ከዚህ በታችማ የት ይሄዳል?" አለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከ4 ዶላር በታች ወረደ። ማርች 5 ቀን 2009 ደግሞ ከ1 ዶላር በታች ተሸጠ። "በግማሽ ዋጋ" ብሎ በ30 የገዛ ሰው ከመቶው ዘጠና ስድስቱን ያህል አጣ ማለት ነው።

"ባንኩ ግን አልሞተም እኮ!" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የአሜሪካ መንግሥት 45 ቢሊዮን ዶላር አስገብቶ አዳነው። የዳነው ግን ባንኩ ነው እንጂ የቀድሞው ባለአክሲዮን አይደለም። አዳዲስ አክሲዮኖች በቢሊዮን ተቆጥረው ወጡና የነባሮቹ ድርሻ ሟሟ። በ2011 አስር አክሲዮን ወደ አንድ ተጠቀለለ። በዚህ ቁጥር ስናሰላው የ2006ቷ 55 ዶላር 550 ዶላር ማለት ናት። ባንኩ እስከ ዛሬ አለ፤ ያቺን ዋጋ ግን ዳግመኛ አላያትም።

ይሄ እንግዲህ ከዳኑት መካከል ነው። ሌማን ብራዘርስ በ2007 መጀመሪያ ከ80 ዶላር በላይ ነበር። በ2008 አጋማሽ 20 ገደማ ደረሰ፤ 75 በመቶ ወደቀ ማለት ነው። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ለኪሳራ አመለከተ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይቀበላት አንዲት ሒሳብ አለች፦ 75 በመቶ የወደቀ አክሲዮን አሁንም መቶ በመቶ ሊወድቅ ይችላል። በ80 የገዛውም በ20 የገዛውም መጨረሻቸው አንድ ነው። "ርካሽ" ያለው ሰው ያተረፈው ነገር ቢኖር ዘግይቶ መክሰሩ ብቻ ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ፈርስት ሪፐብሊክ የተባለው ባንክ በ2023 ማርች መጀመሪያ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ማርች 13 ቀን 31 ዶላር ላይ ዘጋ። ሰው ተሻማ። ሜይ 1 ቀን መንግሥት ባንኩን ወርሶ ለጄፒ ሞርጋን ቼዝ አስረከበው፤ ለባለአክሲዮኑ የተረፈው ባዶ እጁ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሏል ይሄ ነው።

"ቡፌትስ ገዝቶ የለ?"

እዚህ ላይ ደዋዩ የመጨረሻ ካርዱን ይመዝዛል። ዋረን ቡፌት! "ሌላው ሲፈራ ድፈር ብሏል እኮ!"

እሺ፣ ቡፌትን እናንሳው። ኦክቶበር 2008 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጽሑፍ አውጥቶ የአሜሪካ አክሲዮን እየገዛሁ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ገበያው ማርች 2009 ወለሉን እስኪነካ ድረስ ሌላ ከ25 በመቶ በላይ ወረደ። በስተመጨረሻ ቡፌት ትክክል ነበር። ግን መጠበቅ የቻለው ያ ገንዘብ የቤት ኪራዩ ስላልነበረ ነው።

ከዚህም ይብሳል። ከጽሑፉ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ጎልድማን ሳክስ ውስጥ 5 ቢሊዮን ዶላር አስገብቶ ነበር። የገዛው ግን እኔና እናንተ የምንገዛውን ተራ አክሲዮን አይደለም። ቅድሚያ የሚከፈልበት፣ በዓመት 10 በመቶ ትርፍ የሚሰጥ፣ በዚያ ላይ ወደፊት ተራውን አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት የተጨመረበት ልዩ አክሲዮን ነው። እሱ ሰልፉ ላይ ከፊታችሁ ቆሟል፤ እናንተ ጭራ ላይ ናችሁ። "ቡፌት ገዛ እኔም ገዛሁ" ማለት "ባለሀብቱም እኔም እዚያው ሆቴል በላን" እንደማለት ነው፤ አንዱ ጠረጴዛው ላይ ሌላው ጓዳ።

ቡፌት አልበቃ ካለ ቢል ሚለርን ጨምሩበት። ይህ ሰው የሚያስተዳድረው ፈንድ ከ1991 እስከ 2005 ለ15 ተከታታይ ዓመታት ኤስ ኤንድ ፒ 500ን በልጧል፤ የወደቀ እየፈለገ በመግዛት የታወቀ ሰው ነበር። ቀውሱ ሲመጣም ልማዱን አልተወም፤ ቤር ስተርንስን፣ ኤአይጂን፣ ፍሬዲ ማክን ያዘ። በ2008 ፈንዱ 55 በመቶ ያህል አጣ፤ በዚያ ዓመት ገበያው ያጣው 37 በመቶ ነው። ሚለር ደንቆሮ አልነበረም። ተንታኞች ነበሩት፣ የድርጅት ኃላፊዎችን በስልክ ያገኝ ነበር። እኛ ከሥራ መልስ በደከመ ዓይናችን ስልካችን ላይ ቻርት አይተን ከእሱ እንበልጣለን?

አማዞንና ሎተሪ

ፍትሐዊ ለመሆን የተቃዋሚዬን ጠንካራ ማስረጃም ላቅርብ። አማዞን በ1999 መጨረሻ ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2001 ከ6 ዶላር በታች ወረደ። ያኔ የገዛ ሰው የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ግን እዚያው ሰሞን እዚያው ገበያ ላይ ፔትስ ዶት ኮምም ነበር፤ በኖቬምበር 2000 ተዘጋ። ዌብቫንም ነበር፤ በ2001 ከሰረ። ቻርታቸውን ጎን ለጎን ብትሰቅሉት ሁሉም ገደል የገባ መኪና ነው። አማዞንን የለየው የአወዳደቁ ጥልቀት አይደለም። ገበያው ጣሪያ ከመንካቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2000፣ 690 ሚሊዮን ዩሮ በቦንድ ተበድሮ ስንቁን ቋጥሮ ነበር። ክረምቱ ሲመጣ ጎተራው ባዶ አልነበረም። ይህን ማየት የሚቻለው ደግሞ በቻርት ሳይሆን በሒሳብ መግለጫ ነው።

ሌላም አለ፤ ኸርትዝ። መኪና አከራዩ ሜይ 2020 ለኪሳራ አመለከተ፤ አክሲዮኑ ከ1 ዶላር በታች ገባ። ወጣቱ በስልኩ ተረባርቦ ገዛው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ5 ዶላር በላይ ወጣ፤ በ2021ም የያዙት ሰዎች በእርግጥ ተከፈላቸው። ይሄ ሆኗል፣ አልክድም። የሆነው ግን የአሮጌ መኪና ዋጋ ሰማይ ስለነካና ሀብታም ገዢዎች ድርጅቱን ስለተሻሙበት ነው። ያንን በሜይ 2020 ማን ያውቅ ነበር? ሎተሪ የደረሰው ሰው "ቁጠባችሁን ሎተሪ አድርጉት" ቢል ትሰሙታላችሁ?

ሔንድሪክ ቤሰምባይንደር የተባለ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከ1926 እስከ 2016 የነበሩትን የአሜሪካ አክሲዮኖች አጥንቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ያስገኙት ከመንግሥት የአጭር ጊዜ የግምጃ ቤት ሰነድ ያነሰ ነው። ከዚያ በላይ የተፈጠረው ሀብት በሙሉ የመጣው ከ4 በመቶዎቹ ድርጅቶች ነው። እንግዲህ ከመቶው አራቱን፣ ያውም ሁሉም ደም በሚመስልበት ቀን፣ በስልክ ጥቆማ እናገኛለን የምንለው በምን ተማምነን ነው?

ታዲያ ምን ይደረግ?

አትግዙ አላልኩም። ገበያ ሲወርድ መግዛት ሲወጣ ከመግዛት ይሻላል፤ ይሄ አያከራክርም። እኔ የራሴን ገንዘብ ሳስገባ የማልዘላቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

1. ይህ ገንዘብ የማን ነው? በሁለት ዓመት ውስጥ ለትምህርት፣ ለኪራይ፣ ለእናት መድኃኒት የሚፈለግ ከሆነ ወሬው እዚህ ያበቃል። የዕቁብ ገንዘብ ከሆነማ አላውራችሁም።

2. ድርጅቱ ዕዳውን መቼ ይከፍላል? በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት የሚደርስበት ዕዳ ካዝናው ውስጥ ካለው ጥሬ ገንዘብ ከበለጠ፣ ዕድሜው በአበዳሪው ፈቃድ ላይ ነው። አበዳሪ ደግሞ በክፉ ቀን አያዝንም።

3. በመጥፎ ዓመት እውነተኛ ገንዘብ ያስገባል? ትርፍ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ደመወዝና ወለድ የሚከፈለው ግን በጥሬ ገንዘብ ነው።

4. የድሮ ዋጋውን ባላውቅ ኖሮ እገዛው ነበር? ከሁሉ የምትከብደው ይህች ናት። "60 ነበር" የሚለው ነገር ስለ ነገ አንዳች አይነግራችሁም። 60 ራሱ ስህተት ሊሆን ይችላል። ሲስኮ ትርፋማ ነበር፣ አልከሰረም፣ ዕቃውም ተፈላጊ ነበር፤ ግን በ2000 የደረሰበትን ዋጋ መልሶ ለማየት ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

እነዚህን ለመመለስ ጊዜም ፍላጎትም ከሌላችሁ (አብዛኞቻችን የለንም፣ አያሳፍርም) ገበያውን በሙሉ የሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ ግዙና ሥራችሁን ሥሩ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 በ57 በመቶ ወርዷል። በ2013 ግን የ2007 ደረጃውን መልሶ ይዟል። ገበያውን በሙሉ የያዘ ሰው ስድስት ዓመት ሳይሞላው ወደነበረበት ተመለሰ፤ የሌማን ባለአክሲዮን ዛሬም እየጠበቀ ነው። ይሄም ቢሆን ዋስትና አይደለም። የጃፓኑ ኒኬይ በ1989 መጨረሻ የነካውን ጣሪያ ያለፈው በ2024 ነው። 34 ዓመት! አንደኛው ጥያቄ አንደኛ የሆነው ለዚህ ነው።

ይሄ ነገር የአሜሪካ ብቻ ሆኖ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል። እስከዚያ ድረስ እኛ የምናውቀው የባንክ አክሲዮን ነበር፤ በዓመት አንዴ የትርፍ ድርሻ የሚሰጥ፣ ዋጋው በየቀኑ የማይታይ። ዋጋው ስለማይታይ የማይወርድ ይመስል ነበር። ዋጋ በየቀኑ የሚታይበት ገበያ ግን አንድ ቀን ቀይ ያሳያል፤ ቀይ ያላሳየ ገበያ የለም። ያን ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ወጣት "በግማሽ ዋጋ!" ሲባል ይሰማል። ከዚያ በፊት የድርጅቱን የኦዲት ሪፖርት አንስቶ ዕዳውን ከጥሬ ገንዘቡ ጋር ማስተያየት የለመደ ይተርፋል። ያልለመደው የሌሎችን ኪሳራ ገዝቶ ቤቱ ይገባል።